በማለዳ የተንኳኳ በር

እማዬ አሜሪካ ከመጣች ወዲህ አንድም አመሏን አልለወጠችም። አገሩ እንዲለወጥላት ነው የምትጠብቀው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዬ በገባች በሳምንቷ የፎቁን በር ሁሉ እያንኳኳች ከሰው ተዋወቀች። "እማዬ፣ እዚህ አገር ሳይደውሉ የሰው በር አይንኳኳም" ስላት፣ "ታዲያ በሩን ለምን ሠሩት?" አለችኝ። ምን ይባላል! እኔ እዚያ ቤት ዘመኔን ስፈጅ ከግራና ከቀኜ ማን እንዳለ አላውቅም ነበር፤ እሷ የማን ልጅ ምን እንደሚማር፣ ማንን ወገቡን እንደሚያመው ሳይቀር አወቀች።

ያልተከፈተላት አንድ በር ብቻ ነበር፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው። ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል፤ እማዬ ስታንኳኳ ግን ሬዲዮው ይጠፋና ጭጭ ይላል። "ሰው አለ፤ ንቀውኝ ነው" ብላ ተቀየመች። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር።

ያስታረቃቸው የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። እማዬ የሐበሻ ቀሚሷን፣ ስንቴ "በእጅ ነው የሚታጠበው" ብዬ የለመንኳትን፣ ማሽን ውስጥ ከታው ጥለቱ ተተልትሎ ወጣ። እዚያው ቆማ ስታለቅስ አንዲት ቀጥ ያሉ አሮጊት ፈረንጅ ገቡ። ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ከንፈራቸው ግን ቀይ ተቀብቷል። ምንም አልጠየቁም። ቀሚሱን ከእጇ ወስደው ወደ መብራቱ አስጠጉትና ጥለቱን በጥፍራቸው እየገለበጡ አዩት፤ ከዚያ ይዘውት ሄዱ። እማዬ ባዶ እጇን መጥታ "አንዲት ፈረንጅ ቀሚሴን ወሰደችብኝ" አለችኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የእኛ በር ተንኳኳ። ቀሚሱ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ መጣ። የተቀደደበትን ቦታ ብንፈልግ፣ ብናገላብጥ አጣነው። ለካ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲያሳጥሩ፣ ሲያሰፉ፣ ሲጠግኑ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እማዬ "እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ!" ብላ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እትዬ" ሆነው ቀሩ፤ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። የዚያ የማይከፈተው በር ባለቤት እሳቸው መሆናቸውን ስትሰማ እማዬ ቅያሜዋን ወዲያው ረሳችው። "ስትፈልጉኝ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ፤ ሲንኳኳ አልከፍትም" አሉኝ እትዬ። ሌባ ፈርተው መሰለኝ፤ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ምን ታድርግ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅ፣ እሳቸው አማርኛ አያውቁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። እትዬ አይሁዳዊት ናቸው፤ የእኛን ሥጋ አይበሉም። እማዬም የእሳቸውን አትበላም። እኔ መሀል ገብቼ ይህን እንዴት እንደማስረዳ ስጨነቅ እነሱ በሽሮና በድንች ተስማምተው ጨረሱ። ከሥራ ስገባ ሁለቱም ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ስለ ጉልበታቸው ያማርራሉ። አቤት፣ ሲግባቡ!

ከሰዓት በኋላ ግን እትዬ ሁልጊዜ ቤታቸው ናቸው፤ ወንድማቸው ይደውላላ። ታናሽ ወንድም አላቸው፣ ከወንዙ ማዶ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ አሌክሳንድሪያ የሚኖር። በየቀኑ ይደውልና ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል። ስለ አየሩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ጎረቤቱ መኪናውን የት እንዳቆመበት። እትዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ድንች እየላጡ ይሰማሉ፤ አንድም ቀን ሲያቋርጡት አልሰማሁም። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ "ወንድም ደህና?" ትላለች፤ እሳቸውም "ወንድም ደህና" ይላሉ። ከአማርኛ ያወቋት ያች ብቻ ናት።

እሑድ እሑድ አሌክሳንድሪያ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ማን ሾመኝ? እማዬ ናታ። "መኪና አለሽ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ከመተኛት ሌላ ሥራ የለሽም" አለች፤ አለቀ። ወንድምየው እዚያ ፀጉር ቤት ነበራቸው። ከሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነበር። የእኛን ባለታክሲዎች ፀጉር ሲቆርጡ ኖረው ጥቂት አማርኛ ለቃቅመዋል። በር ከፍተው "ጤና ይስጥልኝ! ምን አዲስ ነገር አለ?" ሲሉ እማዬ በሳቅ ትሞታለች።

ታሪካቸውን የሰማሁት ከወንድምየው ነው። ፖላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበር የሚኖሩት፤ አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው፣ እትዬ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ወንድምየው የአራት። ናዚዎች ከተማዋን ከያዙ በኋላ አይሁድ በየቤቱ እየተለቀመ ይወሰድ ጀመር፤ የሄደ አይመለስም። አንድ ቀን አባታቸውን ወሰዱ። እናታቸው ሁለቱን ልጆች ይዘው በጫካ ወጡ። ድሮ አባታቸው ልብስ ይሰፋላት የነበረች አንዲት የገጠር ሴት፣ ከላም በረቷ ወለል ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ደበቀቻቸው። ቢያዙ እሷም እንደምትገደል እያወቀች። ጦርነቱ እስኪያበቃ ሁለት ዓመት ገደማ እዚያ ኖሩ፣ ከላያቸው ላሞች እየተንጎማለሉ።

"እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ሕፃን ደግሞ ይለፈልፋል" አሉን ወንድምየው እየሳቁ። "ስለዚህ የእህቴ ሥራ አፌን መያዝ ነበር። ኮቴ በተሰማ ቁጥር መዳፏን አፌ ላይ ትጭናለች። የእጇን ጣዕም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አፈርና ድንች።" እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። እትዬ ግን ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሲኒ ማጠብ ጀመሩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ሲያወሩ አይሰለችዎትም?" አልኳቸው ለቀልድ ያህል። "ሁለት ዓመት አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ" አሉ እትዬ። "አሁን ዝም በል የምለው በየት አፌ ነው? ያውራ።"

እንዲህ ያለ ሰው ማድነቅ ካልቻልኩ ማንን ላደንቅ ነው! ከጦርነቱ በኋላ መጠለያ ካምፕ፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ እዚህ። እናታቸው ቋንቋ ሳያውቁ በአንድ ላውንደሪ የጓሮ ክፍል ቁጭ ብለው የሱሪ ጫፍ ሲለቅሙ፣ እትዬ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገባቸው ሆነው መርፌ ላይ ክር ይሰኩላቸው ነበር። በኋላ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ወንድማቸውን አስተምረው፣ የፀጉር ቤቱን ወንበር ገዝተው ለቁም ነገር አበቁት። ለዚያች ለደበቀቻቸው ሴት ደግሞ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ቀሚስ እየሰፉ ይልኩላት ነበር፤ ልኳን ከልጅነት ትዝታ ብቻ አውቀው። "ቀሚሱ ሰፍቷት ወይ ጠቧት አያውቅም?" ብላቸው ተቆጡ። "እኔ ነኝ እኮ የሰፋሁት!" አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ነበረባቸው። አባታቸው መቃብር የለውም። የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም፤ አንዲት ጭብጥ አፈር ያለበሰው ዘመድ የለም። ስለዚህ እህትና ወንድም ገና ወጣት ሳሉ ተማምለዋል፤ ቀድሞ የሄደውን የቀረው በገዛ እጁ አፈር ያለብሰዋል። እማዬ ይህን ሳስረዳት ጉንጯን ይዛ "እውነታቸውን ነው። ታዲያስ!" አለች። ለእሷ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ሌላም ነገር ነበር። ወንድምየው በሄድን ቁጥር፣ ወሬያቸው ሁሉ ሲያልቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። "አባባ እንዴት ነው ከቤት የወጣው? አንቺ ነቅተሽ ነበር፤ አይተሻል። ምን አለ?" እሳቸው የዚያን ጠዋት ምንም አያስታውሱም። እትዬ ሁልጊዜ "ሌላ ቀን" ይሉና ይነሳሉ። አንድ ጊዜ ጥያቄው መሀል ወንድምየው ትን ብሏቸው ሲስሉ እትዬ ክው ብለው በሩን አዩ፤ ከዚያ ውሃ ሊያመጡ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ ሮጡ ስላችሁ! ስንመለስ "ለምን አይነግሯቸውም?" አልኳቸው። "ከመሞቴ በፊት እነግረዋለሁ" አሉ። "እሱ ታናሼ ነው፤ ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ።"

ሳይሆን ቀረ። አንድ ማክሰኞ፣ ወንድምየው ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሯቸው ደውለው፣ አውርተው፣ ጠግበው፣ ማምሻውን ሶፋቸው ላይ ዐረፉ።

የወንድምየው ልጅ ደወለልኝ፤ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ድምፁ ተሰባብሯል። "ለአክስቴ በስልክ መናገር አቃተኝ። ሰው አጠገቧ ሆኖ ይንገራት፤ አንቺ ንገሪልኝ" አለኝ። ቀብሩ በማግስቱ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት። አይሁድ ሬሳ አያቆዩም። "ሌላ ቀብር ተከትሎን ስላለ ብዙ አይጠብቁንም። እባክሽ፣ ሳትደርስ እንዳይቀር" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ በሩ ስሄድ እማዬ ፊቴ ቆመች።

"የት ልትሄጂ?"

"ልነግራቸው ነዋ።"

"አሁን? ሲመሽ? አብደሻል እንዴ!" እንባዋ እየወረደ ትቆጣኛለች። "መርዶ ሲመሽ ይነገራል? ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ያልቅሱ? በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፏቸው። እኔ የአባቴን የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ሰው ባይዘኝ ኖሮ ዛሬ አልኖርም።"

"እሺ ጠዋት ልደውልላቸውና..."

"መርዶ በስልክ! አንቺን የወለድኩት እኔ ነኝ?"

እውነቴን ነው፣ ልክ መሰለችኝ። አንድ ሌሊት ሰላም ይተኙ፣ ከነጋ ቀኑ ረጅም ነው ብዬ ተውኩት። እማዬ ወዲያው ከላይ ፎቅ ለሚኖሩት ለዕድራችን ሰብሳቢ ደወለች። እኒህ ጋሼ የምንላቸው ሰው ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የሕንፃውን ሐበሻ መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። "የአይሁድ መርዶ እንዴት እንደሆነ ባላውቅም፣ ሐዘን ሐዘን ነው" አሉ። በማግስቱ "ዛሬ ሥራ አልገባም" ብዬ ኮል አውት አደረግኩ።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ሞላ። ጋሼ ረጅም ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ገና ከአሁኑ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እትዬን በሊፍት ውስጥ ብቻ የሚያውቋቸው ሳይቀሩ መጥተዋል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንሾካሽካል፣ ጫማ ይንኮሻኮሻል። ከእትዬ በር ሥር መብራት ይታያል፤ ማልደው ነው የሚነሱት፣ ሬዲዮም ከፍተዋል። ጋሼ በከዘራቸው እጀታ አንኳኩ። ቀስ ብሎ ማንኳኳት አያውቁም፤ ጠንከር አድርገው ነው።

ሬዲዮው ጠፋ።

ጋሼ ደገሙ። ከበሩ ሥር ያለው መብራትም ጠፋ።

ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ ውስጥ አንዴ ጮኸና ድምፁ ታፈነ። "ወድቀው ይሆናል!" አለች አንዷ። "ናይን ዋን ዋን ይደወል" አለች ሌላዋ። "ፖሊስ ይምጣና በሩን ይስበረው እንጂ፣ ቀብር ሊያልፋቸው ነው!" አሉ ጋሼ፤ ከዘራቸውን እንደገና አነሱ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ ራሳችንን አየሁ። ጥቁር ካፖርት። ዱላ። በማያውቁት ቋንቋ የሚንሾካሾክ ሰው፣ ጎህ ሲቀድ፣ በር ላይ። ወይኔ ጉዴ! እኒህ ሴት በር የማይከፍቱት ሌባ ፈርተው ነው ያለኝ ማን ነው?

"ፖሊስ የሚል ሰው እንዳልሰማ!" አልኩ። "ውረዱ። ሁላችሁም ሎቢ ውረዱ፣ አሁኑኑ።"

ጋሼ ቅር አላቸው። "ምነው ልጄ፣ ወግ ልናደርስ..."

"ጋሼ በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ውረዱልኝ። ሊወስዷቸው የመጡ መስሏቸዋል።"

ጋሼ ከዘራቸውን አዩ። ከዚያ በሩን አዩ። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ሄዱ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው።

እማዬ ግን ንቅንቅ አልል አለች። በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። "እትዬ፣ እኔ ነኝ" አለች በአማርኛ። "ሰው አላበዛንም፤ ሄደዋል። ይክፈቱልኝ፣ ሽሮውን ትናንት ሠርቼ አስቀምጬልዎታለሁ፣ ጨው አላበዛሁበትም..." እንደ ዘወትሯ ልታወራቸው ሞከረች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቃጠላለሁ፤ እስከ ሁለት ሰዓት ካልወጣን ቤልትዌዩ፣ የከተማው ቀለበት መንገድ፣ በመኪና ተዘግቶ እንቀራለን፤ ሰው ደግሞ የተማማለበትን ሊያጣ ነው። ደጋግሜ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። እማዬ ወሬዋ አለቀባት። ከዚያ መርዶ ሳይነገር ማልቀስ ነውር መሆኑን ረስታ፣ ሆዷን ይዛ ተንሰቀሰቀች፤ የራሷ ወንድም የሞተባት ይመስል። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ምን ላድርግ?

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ።

እትዬ ጨለማው ውስጥ ቆመዋል። ካፖርታቸውን ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የጫማቸው ክር ታስሯል። ቦርሳቸው ክንዳቸው ላይ ነው። ካወቅኋቸው ጀምሮ ከንፈራቸውን ሳይቀቡ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው የእማዬን ጉንጭ ነኩና እርጥቡን ጣታቸውን አዩት።

"ወንድም?" አሉ።

እማዬ ተነስታ አቀፈቻቸው። መርዶው በዚያው ተነገረ።

እንዲያለቅሱ ጊዜ ልሰጣቸው ይገባ ነበር፤ ጊዜው የለም። "እትዬ፣ ቀብሩ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሁለት ሊሆን ነው" አልኳቸው። ከእማዬ ትከሻ ላይ ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ ምን ያቆመናል?" አሉ። "ለብሻለሁ እኮ።"

ሎቢው ውስጥ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋሼ ከዘራቸውን የት እንደጣሉት እንጃ፣ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። እትዬ እሳቸው ፊት ቆም ብለው እጃቸውን ጨበጧቸው፤ ምን ተባብለው እንደተግባቡ አላውቅም፤ ጋሼ ግን እንደ ልጅ አለቀሱ።

መኪና ውስጥ እትዬ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ። ቤልትዌዩ ላይ ስንወጣ "እንዴት ከፈቱልን?" አልኳቸው። "ይህች ስታለቅስ ሰማሁ" አሉ። "ሰው ሊወስዱ የሚመጡት አያለቅሱም። እኔ አውቃቸዋለሁ።"

ከዚያ ነገሩኝ። ለእኔ የነገሩኝ አልመሰለኝም፤ ለመንገዱ ነው ያወሩት። እኔ እየቆራረጥኩ ለእማዬ አስተረጎምኩ።

ሲነጋጋ ነበር። በሩ ተንኳኳ፣ በዱላ። እናታቸው ሁለቱን ልጆች ይዘው ከምድጃው ጀርባ ባለው ጠባብ ስርቻ ውስጥ ገቡ፤ ለአባት የሚሆን ቦታ አልነበረም። አባታቸው ራሳቸው በሩን ከፈቱ። "ብቻዬን ነኝ፤ ቤተሰቤ ከሄደ ቆይቷል" አሉ። ወታደሮቹ ሊያምኑ ሲሉ ወንድምየው ጭሱ ጉሮሮውን ከረከረውና ሳለ። የአራት ዓመት ልጅ ነዋ! ቤቱ ፀጥ አለ። "ይሄ ማን ነው?" አለ ወታደሩ። አባት ወዲያውኑ መሳል ጀመሩ። ጡጫቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ደረቱ እንደተበላሸ ሰው፣ ሳሉ። ካፖርታቸውን ሲለብሱ ይስላሉ፣ በሩን ከኋላቸው ቀስ ብለው ሲዘጉ ይስላሉ፣ ደረጃውን ሲወርዱ፣ መንገዱ ላይ ሲሄዱ ይስላሉ፤ ሳላቸው እስኪርቅ ድረስ ይሰማ ነበር። እትዬ መዳፋቸውን የወንድማቸው አፍ ላይ የጫኑት ያን ጊዜ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ብነግረው በእኔ ሳል ነው የሄደው ይላል ብዬ ፈራሁ" አሉ። "ልጅ ሳለ ፈራሁ፣ ካደገ በኋላም ፈራሁ፣ ሲያረጅም ፈራሁ። አባባን ሊወስዱት ነው የመጡት፤ ቢስልም ባይስልም ይወስዱት ነበር። ያቺ የአባባ ሳል ግን ለእሱ ናት። አባቱ ምን ያህል እንደወደደው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይዤበት ቀረሁ።" ከኋላ እማዬ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። እኔ መንገዱን ማየት አቃተኝ።

የወንዙ ድልድይ ጋ ልንደርስ ስንል መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አደጋ አለ። የወንድምየው ልጅ ደወለ። "ሳጥኑን ልናወርድ ነው፤ የት ደረሳችሁ?" እትዬ የቦርሳቸውን ማንገቻ ይጠመዝዙ ጀመር። ያኔ ጋሼ ደወሉ። ለካ ሴቶቹን ሁሉ ቫናቸው ውስጥ ጭነው ከኋላችን ናቸው። "ውጪ፣ በቅርብ ባለችው ኤግዚት ውጪና ተከተዪኝ! በዲሲ በኩል አስገባሻለሁ" አሉ። ቀድመውኝ ገቡ። የዚያን ቀን የነዱትን አነዳድ ፖሊስ አላየውም፤ እግዚአብሔር ደግሞ ይቅር ይላቸዋል።

ስንደርስ ሳጥኑ ወርዷል። የወንድምየው ልጅ አካፋውን በሁለት እጁ ይዞ አፈሩ ፊት ቆሟል፤ የመቃብሩ ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እሱ ግን ማንንም አላስነካም። ከኋላችን ጋሼና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አይቶ "እነዚህ እነማን ናቸው?" አለኝ። "ጎረቤቶች ናቸው" አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

አካፋውን ለእትዬ ሰጣቸው። በወጋቸው መሠረት መጀመሪያ የሚያፍሱት በአካፋው ጀርባ ነው፤ ለዚህ ሥራ እጅ እሺ ብሎ እንደማይሄድ ለማሳየት። ለእማዬ ስነግራት "እንዴት ይሂድ" አለች። እትዬ አካፋውን ገልብጠው አፈር አነሱ። ሰው ሊያግዛቸው ሲል በክርናቸው ገፉት። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። የተማማሉትን አደረሱ።

አካፋውን ለቀጣዩ ሰው መስጠት ነበረባቸው። አልሰጡም። አፈሩ ላይ ተክለው ተደገፉት፣ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉና ማውራት ጀመሩ። በልጅነታቸው ቋንቋ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ረጅም አወሩ። እሳቸው እንዲህ ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የመቃብሩ ሰዎች እንኳ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

መሀል ላይ ጡጫቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳሉ። እየራቀ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ በቀስ ድምፁን እያሳነሱ ደጋግመው ሳሉ። የት እንደደረሱ ያን ጊዜ አወቅሁ። እማዬ ክንዴን ጨበጠች።

"ነገሩት" አለች።

ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ የኖረው ወንድማቸው፣ ያን ቀን አላቋረጣቸውም።